የቀኝ በኩል መስኮቶች

ወልቂጤ፣ ሰኔ 27 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመንበረ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አበራና ልጆቹስ? እኔ ጭቃው ከጋራዤ ደጃፍ አልወጣም ብሎ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን ነው። የቡታጅራው ሾፌር ከማሉ እንደ ልማዱ ከአውቶቡሱ አውርዶ ዓለምገና ዘይባ ሻይ ቤት ትቶት ነበር። ከዚያ የተረከበው የወልቂጤ ሾፌር ግን ኪሱ ውስጥ ረስቶት፣ ሱሪው ሲታጠብ ተገኘ። የመጨረሻው ገጽ ሰማያዊ ውኃ ሆኗል። የተነበበልኝን ያህል እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ፣ የለም፣ መኪናዋ ጅኒ የለባትም። የቡታጅራ ሰው እጅ ሳይነካው የሚወጣና የሚወርድ መስኮት አይቶ ስለማያውቅ እንዲያ ቢል አልፈርድበትም። ያቺን ጥቁር አሜሪካዊት ግን ካንድ ባላባት ግቢ ዶሮ ሲያድርባት አግኝቼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ፈትቼ የገጠምኳት እኔ ነኝ። ጅኒ ቢኖርባት ኖሮ ከእኔ ጋር ሳይተዋወቅ አይቀርም ነበር። ለፋሲካ አበራ መጥቶ፣ እንዲሠራባት ሰጥቼው፣ ወደ እናንተ ነድቷት ሲሄድም አራቱም መስኮቶች ይሠሩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ በር ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ ሞተር አለ። ስዊቹን ስትጫኚ ከባትሪው ኃይል ይደርሰዋል፤ ይዞራል፤ መስተዋቱን ያነሣዋል ወይ ያወርደዋል። ኃይሉ ካልደረሰው ዝም ይላል። ደርሶት ካቃተው ደግሞ ያጉረመርማል። አንቺ «መስኮቶቹ ተዘግተው ቀሩ» ብለሽ ብቻ ጻፍሽ። ይሄ ለሐኪም «ሰውየው ታሟል» ብሎ እንደ መላክ ነው። የትኛው ነው? አራቱም ናቸው? ጆሮሽን በሩ ላይ ለጥፊና ሌላ ሰው ስዊቹን ይጫንልሽ። ድምፅ አለው ወይስ የለውም? አራቱም ዝም ካሉ ፊውዙን እንጠረጥራለን። የተወሰኑት ብቻ ከሆኑ ግን ችግሩ እዚያው በሩ ጋ ነው። ያን ጊዜ የሚሠራውን በር ስዊች ነቅለሽ በማይሠራው ላይ ግጠሚና ሞክሪ። ሁለት ብሎን ነው። የስፌት መኪናሽን የምትፈቺበት ካቻቢቴ ይበቃል።

አበራ በመዶሻ ልስበረው ይላል ላልሽው፣ መዶሻውን ደብቂው። ባልሽ ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ከመንዳት አልፎ ሌላ ነገር እንዳይነካ ግን ለምኚልኝ።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። በዚህ ክረምት መስኮት ቢዘጋ ምን ያስቸኩላል? «ከመስቀል በፊት መሠራት አለበት» ብለሽ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው እህቴ።

ለመስቀል ና ስላልሽኝ፣ መልሴ የሰባት ዓመቱ መልስ ነው፤ አልመጣም።

ወንድምሽ ባዩ

———

ቡታጅራ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ባዩ፣

ከሰሞኑ ዝናብ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ስለ መዘግየቴ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም ስፌት ይዞኝ ነው። ስለ እናታችን አልጠየቅኸኝም። ያልጠየቅኸውን ልመልስልህ፤ ደህና ናት። ከእኛው ጋር ናት። ደረቷ ብቻ አንዳንዴ ያፍናታል።

ያዘዝከኝን አድርጌአለሁ። የግራ በኩል ሁለቱ መስኮቶች ይሠራሉ። የቀኝ በኩል ሁለቱ፣ የፊቱም የኋላውም፣ እስከ ላይ ተዘግተው ቀርተዋል። ጆሮዬን ለጥፌ ትልቁን ልጄን ስዊቹን አስጫንኩት። የግራው «እእእ» ይላል። የቀኙ ጸጥ ነው፤ የመቃብር ጸጥታ። ስዊቹንም ቀያየርኩት። ደህናው ስዊች በቀኙ በር ላይ ዝም አለ፤ የተጠረጠረው በግራው ላይ ሠራ። ስለዚህ ስዊቹ ነፃ ወጥቷል። ካንተ ሳልሰማ ይህን ካልኩ ይቅርታ፣ ግን እውነት አይደለም?

አበራ አሁን መኪናዋን አቁሞ የሰው የጭነት መኪና ይዞ ሆሳዕና ነው። መንገደኛው መስኮት ተዘግቶ ታፍነን አንሄድም አለው። ደግሞ ይገርምሃል፣ አውቶቡስ ላይ ያው ሰው መስኮት ሲከፈት «ብርድ መታኝ» ብሎ ይጮሃል። አበራ በመሃል አንድ ቀን ብቅ ብሎ አይቶኝ «ልብስ ሰፊ መኪና ስትፈታ አየሁ» ብሎ ሳቀ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም አልኩት። የመዶሻው ነገር አታስብ፣ ከጤፉ ጎተራ ውስጥ ነው።

የምቸኩልበትን ምክንያት ጠይቀኸኛል። ሰርግ የለም፤ ልቅሶም የለም። ለማን እንደሆነ ግን ልነግርህ አልችልም፣ ምዬአለሁ። ይህን ብቻ እወቅ፤ መስኮቱ የሚያስፈልገው ሰው ታፍኖ መሄድ አይችልም፣ መሄድ ደግሞ አለበት። በግራው የሚተላለፈው መኪና አቧራ ያስገባልና ቀኝ የኋላው ቢሠራልኝ ይበቃኛል። አንተ ንገረኝ እንጂ እጄን እኔ አለሁ።

እህትህ መንበረ

———

ወልቂጤ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

እህቴ መንበረ፣

እውነት ነው እንጂ! ስዊቹ ነፃ ነው። ፊውዙም ነፃ ነው፣ የግራዎቹ እየሠሩ እሱ ሊወቀስ አይችልም። እኔ ጋ ሦስት ዓመት የሠራ አንድ ሰው አለ፤ ይህን ማሰብ አቅቶት ፊውዝ ሲለውጥ ይውላል። ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ደስ አላለውም።

እንግዲህ የቀረን ሽቦው ወይም ሞተሩ ነው። ለዚህ በሩ መከፈት አለበት። አትፍሪ። አስቀድመሽ የባትሪውን አንዱን ገመድ ፍቺ። ከዚያ የበሩን እጀታ ሁለት ብሎን፣ የክንድ ማሳረፊያውን ሦስት ብሎን አውጪ። ቆዳ የለበሰው ሰሌዳ ዙሪያውን በትናንሽ የብረት መቆንጠጫ የተያዘ ነው፤ ሰፊ ቢላ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከታች ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ፈልቅቂው። ከኋላው የሰም ወረቀት ታገኛለሽ፤ እሱን እንዳትቀጂው። ከዚያ የበሩ ሆድ ይታይሻል፤ ሞተሩ፣ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ክንድ፣ ወደ ሞተሩ የሚወርዱ ሁለት ሽቦዎች። አንዱ ሽቦ ለማውጣት፣ አንዱ ለማውረድ ነው። የመቀሱ ክንድ ስፕሪንግ አለበትና ጣትሽን መሃል እንዳታስገቢ። የልብስ ሰፊ ጣት ትርፍ የለውም።

የፍሬን አምፖል አውልቀሽ ሁለት ሽቦ ቀጥይበት። የባትሪውን ገመድ መልሰሽ፣ አንዱን ጫፍ ከመኪናዋ ብረት ጋር አስነኪ፣ ሌላውን በስዊቹ ኋላ ካለው ሽቦ ጋር። ከበራ፣ ኃይል እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ስዊቹን ልጅሽ እየተጫነ ያንኑ ሞተሩ ጋ ሞክሪ። ስዊቹ ጋ በርቶ ሞተሩ ጋ ካልበራ፣ ሌባው መሃል መንገድ ላይ ነው።

ስለ እናታችን የጻፍሽውን አይቻለሁ። ሰው በጥያቄ ላይ ያልተጠየቀውን ሲጨምር እኔም ያልተጠየቅኩትን ልጨምር። አባታችን የዛሬ ሰባት ዓመት በመስቀል እንግዳ ፊት «ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለ እጅ ከእኔ ማዕድ አይቆርስም» ያለውን ይቅር ብያለሁ። ያደገበትን ነው የተናገረው። እሱ ዛሬ አፈር ውስጥ ነው፤ ነፍሱን ይማር። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። እናታችን ጣባዬን በክትፎ ሞልታ ይዛ ፊቴ ቆማ ነበር። አባታችን ዓይኑን ሲጥልባት፣ ጣባዬን ለሌላ ሰው አቀረበችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ግን በእኔ ላይ ነቅዟል። ስለዚህ ና አትበይኝ።

ለማን እንደምትቸኩዪም ባትነግሪኝ ደስ አይለኝም፣ ግን አልጎትትሽም።

ባዩ

———

ቡታጅራ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህ? ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ፍልሰታን በአግባቡ እየጾምኩ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ግን በጾም እጄ እስከ ክርኔ ቅቤ ሆነ። ንስሐ አባቴ ምን እንደሚሉኝ እንጃ። ነገሩን ስትሰማ አንተም ትፈርዳለህ።

የኋላውን በር ከፈትኩት። ሰሌዳውን ሳላቅቀው የወጣው ሽታ ከማሉን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደው። አውቶቡሱ ጎማ ተንፍሶበት እኛ ደጅ ቆሞ ነበር፤ «አዑዙ ቢላህ፣ አላልኩሽም? ጅኒ ነው» አለ። ጅኒ አይደለም። ቅቤ ነው፣ የቆየ፣ የሻገተ፣ የገዛ አገራችን ቅቤ። መስተዋቱ ከሚገባበት ስንጥቅ ጀምሮ በሐዲዱ ላይ ወርዶ፣ ሞተሩ ራስ ላይ ተጋግሯል። ከሥሩ ደግሞ የአይጥ ጎጆ። ጎጆው በምን ተሠርቶ ይመስልሃል? ከእኔ ስፌት ቤት በወዳደቁ ቁርጥራጮች! የደንበኞቼን፣ የዮናስን ሸሚዝ ኪስ፣ የሰፍያን የሰርግ ቀሚስ ዘርፍ፣ ሁሉንም እዚያ አገኘሁት። አይጦቹ ሽቦው የለበሰውን፣ ቅቤ የጠጣውን ጨርቅ በልተዋል። ሁለቱም ሽቦዎች ራቁታቸውን ቀርተው፣ አንደኛው ሁለት ቦታ፣ አንደኛው አንድ ቦታ ተበጥሷል። የፊተኛውን በር ስከፍት ያው ነው፤ ቅቤው ትንሽ ያንሳል። ጅኒውን ሦስት ወር በከንቱ አማነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

አምፖልህም እንዳልከው ነው። ስዊቹ ጋ ይበራል። ሞተሩ ጋ ዝም። ሌባውን መሃል መንገድ ላይ ይዤዋለሁ።

ቅቤው እንዴት እንደገባ እኔም እያሰብኩ ነው። አሁን ምን ላድርግ? ቀኑ እየሄደ ነው። የመስቀል ቀን ሩቅ መስሎ የሚቀርብ ቀን ነው።

መንበረ

———

ወልቂጤ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1964 ዓ.ም.

መንበረ፣

ሰላምታው ይቅር፤ ተናድጃለሁ። ቅቤ! በሞተር ላይ ቅቤ! እኔ ያንን ሐዲድ በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳሁት። ማን ነው ይህን ያደረገው? አበራ ነው? መስተዋቱ ይፍጠንልኝ ብሎ? ከማሉ ነው? ማንም ይሁን ማን፣ አህያ ነው። እንደዚያ ያለ ሰው መኪና መንካት ቀርቶ በመኪና አጠገብም ማለፍ የለበትም። ስሙን ጻፊልኝ። ለመስቀል ባልመጣም ለእሱ አንድ ቀን እመጣለታለሁ።

አሁን ሥራውን ስሚ። ቅቤውን በማንኪያ ቧጥጠሽ አውጪው። የቀረውን በላምባ በራሰ ጨርቅ እጠቢ፤ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ፣ ከእሳት ርቀሽ። ላምባው እስኪደርቅ አንድ ቀን ሙሉ በሩ ይከፈት። በዘይባ በኩል አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ ናስትሮ፣ አንድ ጣሳ ግራሶ፣ የመኪና ቅባት፣ ልኬልሻለሁ። የተበላውን ሽቦ ቆርጠሽ ጣዪ። አዲሱን ከቀረው ጋር ራቁቱን በራቁቱ ጠምዝዘሽ አያይዢና ናስትሮውን ሦስት ዙር ጠቅልዪበት፤ ማጣበቂያ ጨርቅ ነው፣ ታውቂበታለሽ። ቀለሙን ከቀለሙ ጋር አገናኚ። ግራሶውን በሐዲዱ ላይ በጣት ጫፍ ቀጭን አድርጊ። በጣት ጫፍ አልኩ፤ በመዳፍ አይደለም። ቅቤ ለክትፎ ነው፣ ለገንፎ ነው፣ ለአናት ነው። ለበር አይደለም!

ሽቦው በተበላበት ሁሉ አይጧን ሳይሆን የጋበዛትን ሰው እረግማለሁ። ስሙን እጠብቃለሁ።

ባዩ

———

ቡታጅራ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለማከብርህ ወንድሜ፣

ሁለቱም መስኮቶች ይሠራሉ። የላክኸው ሁሉ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአራት ቀን ውስጥ የተበላውን ሁሉ ቀጠልኩ። ሽቦ ከክር የሚለየው ሲጎተት ስለማይታዘዝ ብቻ ነው። የፊተኛው ያለ እንከን ይወጣል ይወርዳል። የኋላው ግን «ውጣ» ስለው ይወርዳል፣ «ውረድ» ስለው ይወጣል። ቀለሙን ከቀለሙ ያልከኝ ቅቤው ሁለቱንም ሽቦ ቢጫ ስላደረገብኝ በግምት ነበር የቀጠልኩት። እንዴት እንደማስተካክለው ንገረኝ።

አሁን ስሙን እነግርሃለሁ። ባለፈው «እያሰብኩ ነው» ያልኩት ውሸት ነበር፤ ይቅር በለኝ። በሩ እንደተከፈተ አውቄዋለሁ። መሐላዬንም እራሷ ፈትታልኛለች።

እናታችን ናት።

ደብዳቤዎችህ በመጡ ቁጥር የማነበው ለእሷ ነው። ሁሉንም፣ የፊውዙን ጭምር። አሁን የጎረቤት መኪና ቆሞ ስታይ «ፊውዙ ታይቷል ወይ?» ትላለች። ስለ ጣባው የጻፍከውንም አንብቤላታለሁ። ዝለይው አላለችኝም፣ አልዘለልኩም። ባለፈው ግን «አህያ» የሚለው ጋ ስደርስ አቆምኩ። «ምን አለ? አንብቢ» አለችኝ። አነበብኩ። «ልክ ነው» አለች። ከዚያ «ንገሪው» አለችኝ።

ለፋሲካ አበራ መኪናዋን ይዞ ሲመጣ፣ ባዩ የሠራት መኪና መጣች ሲባል፣ አንተም ውስጥዋ ያለህ መስሏት ነበር። ማን እንደነገራት አላውቅም፣ ልቧ ይሆናል። ከሩቅ የመጣ ልጇን አናቱን ልትቀባ ቅቤ በመዳፏ ይዛ ደጅ ቆማለች። አበራ ብቻውን ወረደ። በእጇ ላይ ቅቤው እየቀለጠ ቆማ ቀረች። አበራ ምስኪን፣ ደስ እንዲላት ብሎ «እዩ እማማ፣ ይሄን ባዩ ነው የሠራው» እያለ የቀኝ በኩሉን መስኮቶች አወረደላት፣ አወጣላት። ወደ ቤቱ የዞሩት የቀኞቹ ነበሩ። «እጁ የነካው ይሄን ነው?» አለችው። አዎ አላት። ለአንተ አናት የያዘችውን ቅቤ መስተዋቱ ከሚገባበት ስንጥቅ ላይ አፈሰሰችው፤ የኋላው ላይ ብዙ፣ የተረፈውን ፊተኛው ላይ፤ እየመረቀች። እኔ አይቼአታለሁ። ያን ቀን ማን ይከለክላታል?

ስለ ዝምታዋ ልነግርህ የምችለው ይህን ነው። ከዚያ መስቀል ወዲህ፣ ሰባት መስቀል፣ ቅቤ በአፏ ገብቶ አያውቅም። ለእንግዳው ክትፎውን ታዘጋጃለች፣ ራሷ ጎመን በደረቁ ትበላለች። የጨጓራ ነው ስትል እኛም አምነናት ነበር። ዘንድሮ ነው ለእኔ የነገረችኝ። «ዝም ያለ አፍ ቅቤ አይቀምስም» አለች።

መስኮቱም ለእሷ ነው። በግንቦት ማንንም ሳትነግር ወደ አንተ ልትመጣ አውቶቡስ ተሳፍራ ነበር። ሰው መስኮት አናስከፍትም አለ። ቡኢ ሳይደርሱ ደረቷ አፈናትና ራሷን ሳተች፤ ከማሉ ነው በሌላ መኪና የመለሳት። አበራ በጥቁሯ ሊወስዳት ተነሣ፣ በዚያው ሳምንት መስኮቶቹ ቀሩ። ስለዚህ ነው የቸኮልኩት። ከእንግዲህ ና ብዬ አልጽፍልህም። እሷም አትልህም። «የሄደው እሱ አይደለም፣ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። መንገዱም የእኔ ነው» ብላለች። እሷ ሳትደርስ አንተ ተነሥተህ እንዳትመጣ ነው የምነግርህ። አትከልክላት።

እህትህ መንበረ

———

ወልቂጤ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1964 ዓ.ም.

እህቴ፣

ሁለቱን ሽቦዎች ሞተሩ ጋ ፍቺና ቦታቸውን አለዋውጪ። ሌላ ምንም የለውም።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከሌላው ይልቅ ስለሚቀል ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ያ ፊውዝ የሚለውጠው ሰውዬ «ማን ሞተ?» አለኝ። ማንም አልሞተም አልኩት። ቀኑን ሙሉ አልሠራሁም።

አህያው እኔ ነኝ። ይህንንም አንብቢላት።

እኔም የደበቅሁት አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በአባታችን ቀብር ቀን መጥቼ ነበር። ከቤታችን አጥር ማዶ፣ ከእንሰቱ ሥር ቆሜ ሬሳው ሲወጣ አይቻለሁ። እናታችን ስታልፍ እጄን ብዘረጋ እደርስባት ነበር። አልዘረጋሁም። እሷ ናት ዝም ያለችው እያልኩ ሦስት ዓመት ስናገር፣ እኔም በዚያ አጥር ሥር ዝም ብያለሁ። ከእሷ ተማርኩት ማለት ነው።

ልመጣ ተነሥቼ ነበር፤ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ «መንገዱም የእኔ ነው» ያለችው ትዝ አለኝና ተመለስኩ። አንዴ ከቡኢ ተመልሳለች። ሁለተኛ ጊዜ እንድትመለስ አላደርጋትም። ትምጣ። ከዚያ በመጣችበት መኪና አብረን ለመስቀል እንገባለን፤ ጣባዬንም አዘጋጂ።

ለአበራ ንገሪው። ከቡታጅራ በጠዋት ይነሣ። ዓለምገና ዘይባ ጋ ትረፍ፣ አንድ ሰዓት ትቀመጥ። ከዚያ ጊዮን ከተማ ላይ ምሳ። ከጊዮን በኋላ ያለውን ድልድይ ክረምቱ ቦርቡሮታልና በመጀመሪያ ማርሽ ይለፍ። ቀኝ የኋላው ወንበር የእሷ ነው። መስኮቱ ግማሽ ይከፈት፣ ከአቧራም ከመታፈንም ያድናታል። ወልቂጤ መግቢያ ላይ እጠብቃለሁ። እዚያ ሲደርስ ግን መስኮቷን እስከ ታች ያውርደው፤ በመስተዋት ውስጥ እንዳላያት።

ባዩ

———

ቡታጅራ፣ መስከረም 8 ቀን 1965 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ይህን ደብዳቤ ለከማሉ አልሰጠሁትም። በእናታችን መቀነት ውስጥ ታስሮ ይደርስሃል።

ሽቦዎቹን አለዋወጥኳቸው። «ውጣ» ሲባል ይወጣል። ዛሬ ጠዋት እሷን አስቀምጬ ራሷ ስዊቹን እንድትጫን አደረግኳት። ሰባት ጊዜ አወረደችው፣ ሰባት ጊዜ አወጣችው። አበራ ባትሪው ያልቃል እያለ ሲለምን ነበር።

እኔ አልመጣም። የመስቀሉ ቤት ሰው ይፈልጋል፣ ቅቤውም ገና አልተነጠረም። ምናልባት መንገድ ላይ ብትደክም፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለአበራ ነግሬዋለሁ። ቆሞ ያሳርፋት እንጂ አይመልሳትም። እሷም እንደዚያው ብላዋለች፤ ከእኔ ይልቅ ጠንከር አድርጋ።

ምን እንደያዘች አትጠይቃት። ታየዋለህ።

መንበረ

———

ወልቂጤ፣ መስከረም 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

እህቴ መንበረ፣

ከነገ ወዲያ እንነሣለን። ምናልባት ይህን ደብዳቤ እኛው እንቀድመው ይሆናል፣ የዘይባን ሻይ ቤትና የሾፌሮቹን ኪስ አውቀዋለሁና። ቢሆንም ጻፍኩት። እሷ ባለችበት ልነግርሽ የማልችለው ነገር አለ።

ስለ አደራረሷ ብዙ አልጽፍም። መስኮቱ እስከ ታች ወርዶ ነበር። አበራ መኪናዋን ከማቆሙ በፊት እጇ ወጥቶ ነበር። አንገቴን ጎንበስ አደረግኩ፣ መንገድ ላይ፣ በአላፊ አግዳሚው ሁሉ ፊት። ቅቤው እስካሁን ከአንገቴ ሥር አልጠፋም። ባለ ጋራዡ ምን ነካው የሚለው ሰው በዝቷል። ፊውዝ ለዋጩ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ በአክብሮት ያየኛል።

«ጣባህን…» ብላ ጀምራ ነበር። አስቆምኳት። ከዚያ «አይ፣ ልናገረው፣ አፌን አትዝጋብኝ» አለችኝና እስከ መጨረሻው ተናገረችው። እኔም የአጥሩን ነገርኳት። «አውቃለሁ፣ ጫማህን አይቼው ነበር» አለች። ሁለታችንም ምንኛ ሞኞች ነን።

ደረቷ ደህና ነው። አየሩ ተስማምቷታል። ዘንድሮ ቅቤ እበላለሁ ብላለች፤ እንዳታሳንሺው።

አሁን የምነግርሽ ይህ ነው። ዛሬ ጠዋት ለመንገዱ ብዬ መኪናዋን ሳያት ሥራሽን ፈተሽኩት። ሽቦው የወንድ ሥራ ነው ልልሽ ነበር፣ አፌን ያዝኩ፤ ከወንዱ ይሻላል። አጠቀላለልሽ ከእኔ ይበልጣል። ግን የቀኝ የኋላውን መስኮት ሳወርደው ትንሽ ዘገየብኝ። ሰሌዳውን ፈታሁት። በስንጥቁ ውስጥ፣ በግራሶሽ ላይ፣ አዲስ ቅቤ። ንጹሕ፣ ቢጫ፣ ገና ጣት የታተመበት።

ሄጄ ጠየቅኳት። «ካናትህ የተረፈኝ ነው። መስኮቱን በደረቁ ልሸኘው?» አለች።

ተመልሼ በሩ ፊት ተቀመጥኩ። ላምባና ጨርቅ አጠገቤ ነበር። ከአሮጌ ጎማ ቀጭን ቱቦ ቆረጥኩና ሁለቱን ሽቦዎች ከስዊቹ እስከ ሞተሩ ድረስ አለበስኳቸው፤ ጫፍና ጫፉን አሰርኩት፣ የትኛዋም አይጥ እንዳትደርስበት። የፊተኛውንም እንዲሁ አደረግኩ። ከዚያ ሰሌዳውን መልሼ ገጠምኩት።

ቅቤውን አልጠረግሁትም።

ወንድምሽ ባዩ